የመርካቶ ሱቅ፣ መጋዘንና የኮምፒዩተር ገጽ ማቆያ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር



በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ፣ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሱቅ ለማግኘት ብዙ መዞር አያስፈልግም። ከእነዚህ ሱቆች አንዳንዶቹ ከዘፈኑና ከፊልሙ ሌላ የሰው አደራም ይቀበላሉ። የጥር ወይም የሚያዝያ ሠርግ በተደራረበ ጊዜ ቪዲዮ ቀራጩ የካሜራውን ካርድ ይዞ ይመጣና ፊልሙ ወደ ፍላሽ እንዲገለበጥለት ያዛል። በመስኮቱ ላይ የሚጓዘው መስመር መቶ በመቶ ሲደርስ ፍላሹ ይነቀላል፤ ለሙሽራው ቤተሰብ ይሰጣል፤ ካርዱም ለሚመጣው እሑድ ሠርግ ይጸዳል። ከቀናት በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፍላሹን ከቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰካው የፋይሉ ስም አለ፤ ፊልሙ ግን የለም። ሠርግ ደግሞ አይደገምም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ወቀሳው ሁሉ በፍላሹ ላይ ይወርዳል። አቅሙን አጋኖ የሚናገር አስመሳይ ፍላሽ በገበያው መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ፍላሹ ያለ አንዳች እንከን የተሠራ ቢሆንም ይኸው ጥፋት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ መስመሩ መቶ በመቶ በደረሰባት ቅጽበት ፊልሙ በእርግጥ የት ነበር? የሚለው ጥያቄ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ነው፤ ይኸውም ከርነል የሚጠብቀው የገጽ ማቆያ፣ በተለይም የፋይሉ ሥርዓት ከከርነሉ ውጭ በሚሠራበት ጊዜ፣ መረጃን እንዴት እንደሚይዝና መቼ እንደሚያስረክብ ነው።

መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ሱቅና መጋዘን ለየቅል መሆናቸውን ያውቃል። ገበያው በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ አሁኑ ሥፍራው ከተዛወረ ወዲህ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክንድ መሬት እንኳ ውድ ናት። በመሆኑም ነጋዴው በመደርደሪያው ላይ የሚያኖረው ደጋግሞ የሚጠየቀውን ዕቃ ነው፤ የቀረው በጓሮ ወይም በሌላ ተራ በሚገኝ መጋዘን ይከማቻል። የተጠየቀው ዕቃ ከመደርደሪያው ከታጣ ተላላኪው ልጅ ይሮጣል። ብልህ ተላላኪ ደግሞ የታዘዘውን አንድ ፍሬ ብቻ ይዞ አይመለስም፤ ቀጥሎ የሚጠየቀውን ገምቶ ጨምሮ ያመጣል።

የኮምፒዩተሩም ገጽ ማቆያ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ የበላይ ጠባቂ፣ ከፋይል የተነበበውን መረጃ ለጠየቀው ፕሮግራም ሰጥቶ ብቻ አያበቃም፤ ሥራ ፈቶ በተቀመጠው ሜሞሪ ላይ ግልባጩን ያቆየዋል። የሚያቆየውም በገጽ በገጽ ከፍሎ ሲሆን የአንዱ ገጽ መጠን በብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች 4 ኪሎባይት ነው። ያው ፕሮግራም ተመልሶ፣ ወይም ሌላ ፕሮግራም መጥቶ፣ ያንኑ ገጽ ሲጠይቅ ዲስኩ አይነካም። ሜሞሪ ሲጠብ ደግሞ ፈላጊ ያጣው ገጽ ይነሣና ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ነገሩ የሚወሳሰበው መጋዘኑ የሌላ ሰው ሲሆን ነው። በሊኑክስ ሥርዓት የፋይል ሥርዓት የሚባለው ክፍል በተለመደው አሠራር በከርነሉ ውስጥ የሚኖር በመሆኑ የሱቁም የመጋዘኑም ቁልፍ በአንድ እጅ ነበር። ሚክሎሽ ሰረዲ የተባለው ባለሙያ የደረሰው ፊውዝ የተሰኘው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 የሊኑክስ 2.6.14 አካል ከሆነ ወዲህ ግን የፋይል ሥርዓት እንደማንኛውም ፕሮግራም በተጠቃሚው ክልል ሊሠራ ይችላል። (ስሙ ከቆጣሪ ሥር ከሚገኘው ፊውዝ ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም፤ ሁለቱም በድንገት ሥራ ሲያቆሙ ግን የሚያስከትሉት ጨለማ አንድ ዓይነት ነው።) በዚህ አሠራር አንድ ፕሮግራም ፋይል ሊያነብ ሲጠይቅ ከርነሉ በመጀመሪያ በገጽ ማቆያው ይፈልጋል። ካጣው ጥያቄውን በፊውዝ መስኮት በኩል ለአገልጋዩ ፕሮግራም ያስተላልፋል፤ አገልጋዩ ከተኛበት ይነቃል፤ መረጃውን ከዲስክ፣ ከመረብ ወይም ከሌላ ሥፍራ ፈልጎ ያመጣል፤ ከርነሉም ተቀብሎ በገጹ ላይ ይገለብጥና ለጠያቂው ያስረክባል። አንዱ ንባብ ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ ድንበር ያሻግራል ማለት ነው።

ይህ የጥናት ክፍል ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው አንድሮይድ 11 ጀምሮ በስልኩ ውስጥ የሚገኙት ዘፈኖች፣ ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች ለመተግበሪያዎች የሚደርሱት በፊውዝ በኩል ነው፤ የመጋዘኑም ባለቤት ሚዲያ ፕሮቫይደር የተባለው ፕሮግራም ነው። በመርካቶ በየቀኑ የሚሸጡት አዳዲስ የአንድሮይድ ስልኮች ይህንኑ አሠራር በውስጣቸው ይዘው ነው ከካርቶን የሚወጡት። በኮምፒዩተርም በኩል ቢሆን በኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የተዘጋጀ ፍላሽ በሊኑክስ ላይ እንዲጻፍበት ያስቻለው ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ስሪ ጂ የተባለው ሥራ፣ የመጀመሪያው የተሟላ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው፣ ከከርነሉ ውጭ የሚኖር የፊውዝ አገልጋይ ነው። ለዚሁ ተግባር የሚሆን አዲስ ክፍል በከርነሉ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2021 በሊኑክስ 5.15 ሲሆን የቀድሞው ዛሬም በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ይሠራል።

በቅድሚያ ንባቡን መመልከት ይሻላል። አንድ የዘፈን ፋይል 5 ሜጋባይት ነው ቢባል፣ ከርነሉም እያንዳንዷን 4 ኪሎባይት ለየብቻ ቢጠይቅ፣ ተላላኪው 1280 ጊዜ ይመላለሳል። ነገር ግን ከርነሉ ወደፊት የሚፈለገውን አስቀድሞ የማንበብ ልማድ አለው። በአንድ ጉዞ 128 ኪሎባይት ካመጣ ምልልሱ ወደ 40 ይወርዳል። ያ ዘፈን የወቅቱ ተወዳጅ ሆኖ በዚያው ቀን ለሃያ ደንበኞች የሚገለበጥ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ደንበኛ የ40ውን ጉዞ ዋጋ በጊዜው ይከፍላል፤ የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ከመደርደሪያው ይወስዳሉ።

ይህ የሚሆነው ግን ከርነሉ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ካመነው ነው። የፊውዝ ጠባይ እዚህ ላይ ከተራው የፋይል ሥርዓት ይለያል። መጋዘኑ የሌላ ሰው እንደመሆኑ መጠን ከርነሉ ሳያውቅ ዕቃው ሊለወጥ ይችላል፤ ባለመጋዘኑ በጓሮ በር ለሌላ ሊሸጥ፣ አሮጌውን በአዲስ ሊተካ ይችላል። ስለሆነም ፊውዝ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ፋይሉ እንደገና በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ ያቆያቸውን የፋይሉን ገጾች ይሰርዛል። ሃያው ደንበኛ ሁሉ በየተራው 40 ጉዞ ያስከፍላል ማለት ነው። አገልጋዩ ፋይሉ ሲከፈት «የያዝኸውን አቆይ» የሚል ምልክት ከሰጠ ግን ገጾቹ ሳይነኩ ይቆያሉ። መካከለኛ መንገድም አለ፤ የፋይሉ መጠን ወይም የተለወጠበት ሰዓት ከቀድሞው የተለየ ሲሆን ብቻ ገጾቹን መሰረዝ ነው። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ አገልጋዩ ራሱ «ይህ ፋይል ተለውጧልና የያዝኸውን ጣል» ብሎ ለከርነሉ መልእክት መላክ ይችላል። በመጨረሻም ማቆያውን ፈጽሞ ትቶ እያንዳንዱን ጥያቄ በቀጥታ ወደ አገልጋዩ የሚያደርስ አሠራር አለ፤ አዝጋሚ ቢሆንም ያረጀ ዕቃ አይሸጥም።

ከእነዚህ የትኛው ይመረጥ የሚለውን የሚወስነው የኮምፒዩተሩ ፍጥነት አይደለም። በመጋዘኑ ውስጥ ዕቃ የሚያስገባና የሚያስወጣ ሌላ ሰው አለን? የሚለው ጥያቄ ነው የሚወስነው። በሱቁ ካለው ኮምፒዩተር በቀር ማንም የማይነካው ዲስክ ከሆነ ገጾቹን ማቆየት ትርፍ እንጂ ኪሣራ የለውም። ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ የሂሳብ መዝገቡን በመረብ አማካይነት ከአንድ ሥፍራ የሚከፍት ከሆነ ግን በአንደኛው ሱቅ የተመዘገበው ሽያጭ በሌላው ሱቅ ማቆያ ላይ አይታይም፤ ያረጀ ገጽ እያነበቡ የሌለ ዕቃ መሸጥም ይከተላል።

ከንባቡ ይልቅ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በጽሕፈቱ በኩል ነው። በዚህ ረገድ የመርካቶ ሰው ከማንም በላይ የሚያውቃቸው ሁለት የሽያጭ ዓይነቶች አሉ፤ እጅ በእጅና ዱቤ። ፊውዝ በተለመደው አሠራሩ እጅ በእጅ ነው። ፕሮግራሙ የጻፈው ሁሉ ወዲያውኑ ለአገልጋዩ ይላካል፤ አገልጋዩ ተቀብያለሁ እስኪል ድረስ ፕሮግራሙ ይጠብቃል። ቀድሞ ይህ የሚደረገው ገጽ በገጽ ስለነበር እጅግ አዝጋሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሊኑክስ 2.6.26 ወዲህ በአንድ ጊዜ እስከ 128 ኪሎባይት፣ በ2018 መጨረሻ ከሊኑክስ 4.20 ወዲህ ደግሞ እስከ 1 ሜጋባይት መላክ ተችሏል።

ዱቤው የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሊኑክስ 3.15 ነው። በዚህ አሠራር ፕሮግራሙ የጻፈው በገጽ ማቆያው ላይ ብቻ ተመዝግቦ «ተጽፏል» ይባላል፤ ለአገልጋዩ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ ባለሙያዎች ቆሻሻ ገጽ ይሉታል፤ ያልተወራረደ ገጽ ቢባል ለጠባዩ የቀረበ ስም ይሆን ነበር። ዱቤው ሲፈቀድ አንድ ሌላ ነገርም ይለወጣል። የፋይሉን መጠንና የተለወጠበትን ሰዓት በሚመለከት ከርነሉ የሚያምነው የራሱን መዝገብ እንጂ አገልጋዩ የሚለውን አይደለም። ስለዚህ ሌላ ሰው በጓሮ በር በሚገባበት መጋዘን ላይ ይህን አሠራር መፍቀድ ሁለት ሰው በአንድ ደብተር ላይ ሳይተያይ እንዲጽፍ ማድረግ ነው።

ከርነሉም ቢሆን ዱቤውን ያለ ገደብ አይሰጥም። በሊኑክስ መደበኛ ደንብ ያልተወራረዱ ገጾች ነጻ ከሆነው ሜሞሪ 20 በመቶ ግድም ሲደርሱ ጸሐፊው ፕሮግራም እንዲቆምና እንዲጠብቅ ይደረጋል። ለአንድ የፊውዝ መጋዘን የሚፈቀደው ግን ከዚያ ገደብ ውስጥ 1 በመቶ ብቻ ነው። ነጻው ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ቢሆን ጠቅላላው ገደብ 800 ሜጋባይት ያህል፣ የፊውዙ ድርሻ 8 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ይህ ንፉግነት ምክንያት አለው። አገልጋዩ ራሱ ሥራውን ለመሥራት ሜሞሪ ያስፈልገዋል። ሜሞሪው ባልተወራረዱ ገጾች ሞልቶ ከርነሉ «አወራርድና ቦታ ይለቀቅ» ሲል አገልጋዩ «ቦታ ካልተለቀቀ ማወራረድ አልችልም» ቢል ሁለቱም ተያይዘው ይቆማሉ። ባለዕዳው ዕዳውን ለመክፈል ካበዳሪው እንደገና መበደር ያለበት ሲሆን አበዳሪው ገና ከመጀመሪያው እጁን መሰብሰቡ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ሠርጉ ፊልም መመለስ ይቻላል። ኮምፒዩተሩ ሊኑክስ፣ ፍላሹም በኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. ስሪ ጂ የሚሠራ ነው እንበል። የፊውዙ ወገን እጅ በእጅ ስለሆነ እያንዳንዱ የፊልሙ ክፍል ወዲያውኑ ለአገልጋዩ ደርሷል፤ በዚህ በኩል ዕዳ የለም። አገልጋዩ ግን የተረከበውን ወደ ፍላሹ የሚጽፈው እንደማንኛውም ፕሮግራም በከርነሉ በኩል ነው። ከርነሉም ይህን ሁለተኛ ጽሕፈት በፍላሹ ስም በሌላ ገጽ ማቆያ ላይ ይመዘግበዋል። እጅ በእጅ የተከፈለው ገንዘብ በታችኛው ፎቅ እንደገና ዱቤ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የ1 በመቶው ገደብ አይሠራም፤ ዕዳው እስከ 800 ሜጋባይቱ ድረስ ሊያድግ ይችላል። በሴኮንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ፍላሽ ይህን ለማወራረድ 80 ሴኮንድ ይፈጅበታል። መስመሩ መቶ በመቶ ደርሷል፤ ደንበኛው እጁን ዘርግቷል፤ ከፊልሙ ግን 80 ሴኮንድ የሚያስጽፍ ክፍል ገና በሜሞሪ ላይ ነው። በዚያች ጊዜ ፍላሹ ቢነቀል ወይም መብራት ቢጠፋ የሚሆነው የታወቀ ነው። በመርካቶ የመብራት መጥፋት ሩቅ አደጋ አለመሆኑን ደግሞ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሱቆቹ ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ዊንዶውስ በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2018 መገባደጃ ከወጣው እትም ጀምሮ ለፍላሽ ዱቤ አለመስጠትን መደበኛ ደንቡ አድርጓል። ከዚያ በፊት በነበሩት እትሞችና ደንቡ በእጅ በተለወጠባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ግን አደጋው እንዳለ ነው።

ዕዳው መወራረዱን የሚያረጋግጠው ትእዛዝ ኤፍሲንክ ይባላል። በደረሰኝ ሊመሰል ይችላል፤ ደረሰኝ የሚለው ቃል በመርካቶ የሚቀሰቅሰው ስሜት ብዙ ዓይነት ቢሆንም። ፕሮግራሙ ኤፍሲንክ ሲል ከርነሉ ያልተወራረዱትን ገጾች ሁሉ ለአገልጋዩ ይልካል፤ ከዚያም አገልጋዩ በበኩሉ ከታች ያለውን ዕዳ እንዲያወራርድ ያዘዋል። ነገር ግን አንዳንድ አገልጋዮች ይህን ትእዛዝ የሚቀበል ክፍል ጨርሶ አልተጻፈላቸውም። አገልጋዩ «ይህን ሥራ አላውቅም» ብሎ ሲመልስ ከርነሉ ነገሩን እንደ ስሕተት አይቆጥረውም፤ ለፕሮግራሙ «ተፈጽሟል» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላም አገልጋዩን በዚህ ጉዳይ ዳግመኛ አይጠይቀውም። ፕሮግራሙ የያዘው ደረሰኝ ማኅተም አለው፤ ከጀርባው ግን የተከፈለ ገንዘብ የለም። የፋይል ሥርዓት የሚጽፍ የማኅበሩ አባል ካለ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ይህንን ነው፤ ደንበኞች የሂሳብ መዝገባቸውን የሚያኖሩበት ሥርዓት ሲሆን ደግሞ ይበልጡን።

ገልብጦ ወዲያውኑ ፊልሙን ከፍላሹ ላይ ከፍቶ ማየትም እንደሚታሰበው ማረጋገጫ አይሆንም። የሚታየው ፊልም ከገጽ ማቆያው የሚመጣ ሊሆን ይችላልና። አስመሳዩም ፍላሽ በሱቁ ውስጥ ደህና መስሎ የሚታየው አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያልያዘውን መረጃ ስለ እርሱ ሆኖ ሜሞሪው ይመልስለታል። ትክክለኛው አሠራር ፍላሹን በሥርዓቱ ማላቀቅ፣ ማላቀቁ መፈጸሙን የሚገልጸው መልእክት እስኪመጣ መጠበቅ፣ ነቅሎ እንደገና መሰካትና ከዋናው ጋር ማስተያየት ነው። 16 ጊጋባይት ፊልም በሴኮንድ 20 ሜጋባይት በሚያነብ ፍላሽ ላይ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በሠርግ ወራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህን ያህል ጊዜ የሚታገሥ ደንበኛ ጥቂት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ልጅም የሚከፈለው በፋይል እንጂ በደቂቃ አይደለም። ስለዚህ በትንሹ የካሜራው ካርድ እንዳይጸዳ ማድረግ ከምንም ይሻላል።

የስልኩ ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። ከላይ የታየው ሁለት ፎቅ ያለው ማቆያ በስልክ ላይ የሚያስከትለው በመጀመሪያ የቦታ ጥበት ነው። በሜሞሪ ካርድ ያለ አንድ ዘፈን ሲደመጥ አንዱ ግልባጭ በፊውዙ ማቆያ፣ ሌላው በካርዱ የፋይል ሥርዓት ማቆያ ላይ ይያዛል። 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ላለው ርካሽ ስልክ ይህ ብክነት ነው። አንድሮይድ 12 እ.ኤ.አ. በ2021 መፍትሔ ያለውን ይዞ ወጣ፤ ይኸውም አገልጋዩ ፋይሉ ሲከፈት አንድ ጊዜ ፈቃዱን ከሰጠ በኋላ ንባቡና ጽሕፈቱ እርሱን ሳያስነሣ በቀጥታ ከታችኛው ፋይል ጋር እንዲሆን ማድረግ ነው። ባለመጋዘኑ ቁልፉን ለሱቁ እንደማስረከብ ነው። ለዚህ ዓይነቱ አሠራር የሚሆነው ክፍል በዋናው ሊኑክስ የገባው እ.ኤ.አ. በ2024 በእትም 6.9 ነው።

ቁልፉን ማስረከብ የማይቻልበት ጊዜም አለ። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ሥፍራ በውስጡ ሊይዝ ይችላል። ይህን እንዲያይ ያልተፈቀደለት መተግበሪያ ፎቶግራፉን ሲጠይቅ ሚዲያ ፕሮቫይደር ሥፍራውን የሚናገረውን ክፍል ሸፍኖ ይሰጠዋል፤ ለተፈቀደለት ግን እንዳለ ይሰጠዋል። አንዱ ፋይል ለሁለት ጠያቂ ሁለት መልክ አለው ማለት ነው። የገጽ ማቆያው ግን ጠያቂውን አይለይም፤ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ለመጣ ሁሉ ይሰጣል። የተፈቀደለት መተግበሪያ ቀድሞ አንብቦ ገጹ በማቆያው ላይ ቢቀር፣ ቀጥሎ የሚመጣው ያልተፈቀደለት ያንኑ ያልተሸፈነ ገጽ ይወስዳል፤ ሚዲያ ፕሮቫይደርም ምንም አይሰማም። በዚህ ምክንያት የአንድሮይድ ጸሐፊዎች መሸፈን የሚያስፈልገው ፋይል ሲከፈት ማቆያው እንዲዘለል፣ እያንዳንዱም ንባብ እስከ አገልጋዩ ድረስ እንዲሄድ አድርገዋል። አንድ መተግበሪያ በጓሮ በር ከታችኛው ፋይል ጋር በቀጥታ ሲሠራም ሌሎቹ ያረጀ ገጽ እንዳያነቡ ይኸው ጥንቃቄ ይደረጋል። የሱቁ ባለቤት ቤቱን ማንም እንዲያውቅበት ባይፈልግና ፎቶግራፉን ከአንዱ መተግበሪያ ወደ ሌላው ቢያስተላልፍ፣ ዘፈኑ ከመደርደሪያው በፍጥነት ሲወርድ ፎቶግራፉ ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ እስከ መጋዘኑ ደርሶ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።